ኮምቦልቻ የተነሳ ፎቶ ለምን ባሕር ላይ ይገኛል? የፎቶ ሜታዳታ አነባበብና አስተራረም

ካርታ ያለው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ከፍተው ኮምቦልቻ የተነሳ ፎቶ ሲፈልጉ በሰርዲኒያ ደሴትና በጣሊያን መካከል ባሕር ላይ ካገኙት፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ኮምቦልቻ ያለችው በሰሜን 11.08፣ በምሥራቅ 39.74 ዲግሪ ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አገላብጦ የጻፈ ሰው ፎቶውን ቲሬኒያን ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ቁጥሮቹ ልክ ሆነው «ሰሜን» በሚለው ቦታ «ደቡብ» ከገባ ፎቶው ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ድንበር አካባቢ ያርፋል፤ «ምሥራቅ» በ«ምዕራብ» ከተተካ ደግሞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ከጋና በስተደቡብ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይገኛል፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ የሰው ስህተት ሳይሆን ሳተላይት ያላገኘ መሣሪያ ባዶውን ቦታ ዜሮ ብሎ የመዘገበው ነው። ፎቶው የወደቀበትን አይቶ ምን እንደተሳሳተ መናገር ይቻላል። የቀሩት የሜታዳታ ብልሽቶችም አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ መልካቸውን ለሚያውቅ ሰው መንስኤያቸው ሩቅ አይደለም።

ድሮ የታጠበ ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ «ለማስታወሻ ያህል» ተብሎ ቀኑ፣ ቦታውና የሰጪው ስም ይጻፍ ነበር። ሜታዳታ ማለት የዲጂታሉ ፎቶ ጀርባ ነው፤ ከምስሉ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ተጠቅልሎ የሚሄድ ጽሑፍ። ልዩነቱ ይህ ጀርባ አንድ አለመሆኑ ነው። ሦስት የተለያዩ ገጾች አሉት፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ችግሩም ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ኤግዚፍ ይባላል። በ1995 በአውሮፓ አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ የወጣ ደንብ ሲሆን የሚሞላው ካሜራው ወይም ስልኩ ራሱ ነው። የካሜራው ዓይነት፣ የሌንሱ ርቀት፣ የብርሃን መክፈቻው፣ የመዝጊያው ፍጥነት፣ ፎቶው የተነሳበት ሰዓት፣ ቦታ መመዝገቢያ ካለውም መገኛው እዚህ ይሰፍራሉ። ሁለተኛው አይፒቲሲ ነው። ዜና ድርጅቶች ፎቶ ሲለዋወጡ ማን አነሳው፣ ምን ያሳያል፣ የት ከተማ ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ያወጡት ስለሆነ በሰው እጅ ይሞላል። ሦስተኛው ኤክስኤምፒ ነው። አዶቤ በ2001 ያወጣው ሲሆን የሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ ከአማርኛ ጋር የሚስማማውም እሱ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እናየዋለን።

አንድ መግለጫ ሦስቱም ገጽ ላይ ሊኖር ይችላል። በአንዱ ፕሮግራም የኤክስኤምፒውን አርመው በሌላው ሲከፍቱ አሮጌው ጽሑፍ ተመልሶ ቢያገኙት፣ ሁለተኛው ፕሮግራም ያነበበው ኤግዚፉን ወይም አይፒቲሲውን ነው።

ለማየት

ምንም ሳይጭኑ በዊንዶውስ ፎቶውን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» የሚለውን ይክፈቱ። ርዕስ፣ ቁልፍ ቃል፣ አንሺ፣ የቅጂ መብት፣ የተነሳበት ቀንና የካሜራው መረጃ ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹን እዚያው ላይ ማረምም ይቻላል። መገኛውን ግን ያሳያል እንጂ እንዲያርሙት አይፈቅድም። በአንድሮይድ ስልክ ጉግል ፎቶስ ውስጥ ፎቶውን ከፍቶ ወደ ላይ ማንሸራተት ይበቃል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀኖቹ ነው። «ዴት ቴክን» የሚለው ፎቶው የተነሳበት ቀን ሲሆን ከፎቶው ውስጥ ይነበባል። «ዴት ሞዲፋይድ» እና «ዴት ክሪኤትድ» የሚሉት ግን የፋይሉ ቀኖች ናቸው፤ ከሜሞሪ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር በተገለበጠ ቁጥር ሊለወጡ ይችላሉ። ፎልደሩን በፋይሉ ቀን የደረደረ ሰው የአምስት ዓመት ፎቶ ሁሉ «ትናንት» ተነስቶ ያገኘዋል።

ጠለቅ ያለ ሥራ ላለው ሰው የምንመክረው ዲጂካምን ነው። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ለዚህ ሥራ ከካርታው በቀር ኢንተርኔት አይፈልግም። በስተቀኝ ጠርዝ ካሉት ትሮች «ሜታዳታ» የሚለውን ሲጫኑ ሦስቱ ገጾች ለየብቻ ተዘርግተው ይታያሉ። ሜከር ኖት የሚባል አራተኛ ክፍልም ያያሉ፤ የካሜራው ፋብሪካ ለራሱ የሚጽፈው ነው። ማረም አይገባም፣ ማንበብ ግን ይጠቅማል። ያገለገለ የኒኮን ካሜራ ሊገዙ ከሆነ ሻጩ አሁን ያነሳውን አንድ ፎቶ ተቀብለው ይህን ክፍል ቢያዩ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ቁጥሩን ያገኙታል። ብዙዎቹ ካነኖች ይህን ፎቶው ውስጥ አይጽፉም።

የጻፉት ነገር ፎቶው ውስጥ ገብቷል?

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ፎቶ የሚያደራጁ ፕሮግራሞች የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ላይትሩም ክላሲክ «ካታሎግ» ይለዋል፣ ዲጂካም «ዳታቤዝ»። ቁልፍ ቃል ሲጽፉ መጀመሪያ የሚገባው እዚህ መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ ፎቶውን በፍላሽ ለደንበኛ ሲሰጡ የጻፉት ሁሉ እርስዎ ጋ ይቀራል። ሁለት ሺህ የሰርግ ፎቶ ላይ ስም ሲጽፍ የሰነበተ ሰው ዊንዶውሱ ፎርማት ሲደረግ ሥራው አብሮ የሚጠፋውም በዚህ ነው፤ ፎቶዎቹ ሌላ ዲስክ ላይ በሰላም ተቀምጠው ሳለ ማለት ነው።

በላይትሩም ክላሲክ መፍትሔው ፎቶዎቹን መርጦ ኮንትሮልና ኤስ መጫን ነው። ሁልጊዜ በራሱ እንዲጽፍ ከፈለጉ «ካታሎግ ሴቲንግስ» ውስጥ «ሜታዳታ» በሚለው ስር ለውጦችን በራሱ ወደ ኤክስኤምፒ እንዲጽፍ የሚያዘውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። በዲጂካም «ሴቲንግስ»፣ «ኮንፊገር ዲጂካም»፣ «ሜታዳታ» ብለው ይግቡና ወደ ፎቶው እንዲጻፉ የሚፈልጓቸውን (መግለጫ፣ ቁልፍ ቃል፣ ኮከብ፣ ቀን) አንድ በአንድ ይምረጡ። ቀደም ብለው የሠሯቸው ካሉ ፎቶዎቹን መርጠው ከ«አይተም» ዝርዝር ሜታዳታውን ወደ ፋይል እንዲጽፍ ያዙት። ከአጠገቡ ከፋይሉ እንደገና እንዲያነብ የሚያዝ ትእዛዝ አለ። በስህተት እሱን ከነኩት ፋይሉ ውስጥ ያለው አሮጌ ጽሑፍ መዝገብዎ ላይ ያለውን አዲሱን ይተካዋል። ሁለቱን አለማምታታት ነው።

የሮው ፋይል (ካሜራው ሳያሳምር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) ለየት ይላል። ፕሮግራሞች ሮው ውስጥ መጻፍ ስለሚፈሩ (ደግሞም ልክ ናቸው) በፎቶው ስም የተሰየመ፣ መጨረሻው ኤክስኤምፒ የሆነ ትንሽ ጎረቤት ፋይል ይፈጥራሉ። ያቺ ትንሽ ፋይል ቆሻሻ መስላቸው የሚያጠፏት አሉ። ሮውን ሲገለብጡ እሷንም አብሮ መገልበጥ፣ ስም ሲቀይሩ የሁለቱንም መቀየር ያስፈልጋል፤ ስማቸው ከተለያየ አይተዋወቁም።

ሜታዳታ መጻፍ የፎቶውን ጥራት ይቀንሳል የሚል ወሬ አለ። ጄፔግ ላይ መግለጫ ሲታረም የሚነካው የጽሑፉ ክፍል ብቻ ነው፣ ምስሉ እንደገና አይታመቅም። ጥራት የሚቀንሰው ፎቶውን በማሳመሪያ ፕሮግራም ከፍቶ እንደገና «ሴቭ አዝ» ሲደረግ ነው። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ሦስት መቶ ፎቶ ላይ እየተጻፈ እያለ መብራት መሄዱ። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ከሆኑ የጅምላ እርማት አይጀምሩ። ከሜሞሪው ላይ በቀጥታም አይሥሩ፤ መጀመሪያ ይገልብጡ፣ ሁለተኛ ቅጂ ያስቀምጡ፣ አንድ ፎቶ ላይ ሞክረው በሌላ ፕሮግራም (በዊንዶውሱ «ዲቴይልስ» እንኳ) ከፍተው ይዩ፣ ከዚያ የቀረውን ይልቀቁት።

አማርኛ ሲገባ

ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚለካው በባይት ነው። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የእኛ ፊደል 3 ይወስዳል። ኤክስኤምፒ የርዝመት ገደብ የለውም። አይፒቲሲ ግን የተሠራው በዚያ በጠባቡ ዘመን ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሳጥን ልክ ቆርጧል፤ ለአንሺው ስም 32 ባይት፣ ለከተማ 32፣ ለአንድ ቁልፍ ቃል 64፣ ለመግለጫ 2,000። በእኛ ፊደል ሲቆጠር ለአንሺው ስም 10 ፊደል፣ ለቁልፍ ቃል 21፣ ለመግለጫ 666 ገደማ ይሆናል።

«የደሴ ከተማ ሕዝብ ግንኙነት» ብለው በአንሺው ሳጥን ቢጽፉ ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 45 ባይት ነው። ደንቡን የሚያከብር ፕሮግራም 32ኛው ላይ ሲቆርጠው «የደሴ ከተማ ሕዝብ» ይተርፍና ከ«ግ» ደግሞ ከ3ቱ ባይት 2ቱ ብቻ ይቀራሉ። ጎደሎ ፊደል የሚታየው ውስጡ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ነው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያለው ጽሑፍ ካጋጠመዎት ቫይረስ አይደለም፣ መቀስ ነው። መፍትሔው ስሙን በኤክስኤምፒ መጻፍ፣ አይፒቲሲው የግድ ከሆነ ደግሞ ማሳጠር።

የፊደል መበላሸት ሦስት መልክ አለው፣ ሦስቱን መለየት ተገቢ ነው። ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ከሆነ የጻፈው ፕሮግራም የእኛን ፊደል ስለማያውቅ እያንዳንዱን በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፤ ጠፍቷል፣ እንደገና መጻፍ ነው። ከላዩ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ በየሁለት ምልክቱ ተመላልሶ የሚመጣበት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ በሰላም አለ፤ የእኛ ፊደላት ሁሉ በዩኒኮድ አጻጻፍ የሚጀምሩት በዚያ ባይት ስለሆነ ነው እንዲያ የሚታየው። አንባቢው ፕሮግራም የተሳሳተ መነጽር አድርጎ ነው። በዲጂካም ከተከፈተ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ሦስተኛው ጭረት አልባ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ነው። እሱ በድሮ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ነው። በዎርድ ፎንቱን መርጠው ሲያዩት አማርኛ ይመስላል፤ ሜታዳታ ግን ፎንት የሚባል ነገር አይዝም፣ ስለዚህ ገመናው ይገለጣል። ፓወር ግዕዝም ሆነ ሌላ ኪቦርድ የሚጠቀም ሰው በዩኒኮድ እየጻፈ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፤ ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ጽሑፉን ገልብጦ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው።

ኤግዚፍ በደንቡ መሠረት ለመግለጫና ለአንሺ ስም የላቲን ፊደል ብቻ ይቀበል ነበር፤ ዩኒኮድ በይፋ የገባው በ2023 በወጣው 3.0 ነው። ካሜራው ላይ የባለቤት ስም ሲሞሉ በላቲን ፊደል ቢሆን የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ሌላ ፊደል እንኳ አያቀርቡም።

ስለ ቁልፍ ቃል ሁለት ነገር። አንደኛው ነጠላ ሰረዝ ነው። «ሰርግ፣ ደሴ፣ ፒያሳ» ብለው በእኛ ነጠላ ሰረዝ ከለዩት ላይትሩም ሦስት ቃል ሳይሆን አንድ ረጅም ቃል አድርጎ ይወስደዋል። እሱ የሚያውቀው የላቲኑን ነጠላ ሰረዝ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የላቲኑን ድርብ ሰረዝ ይፈልጋል። በኋላ «ደሴ» ብለው ከዝርዝሩ ሲፈልጉ አያገኙትም።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ሐይቅ አንዱ «ሐይቅ»፣ አንዱ «ሀይቅ»፣ ሌላው «ሃይቅ»፣ ቤተ ክህነት የቀመሰው ደግሞ «ኃይቅ» ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ሰርግ» እና «ሠርግ»፣ «ዓመት» እና «አመት» እንዲሁ። ሦስት ሰው የሚሠራበት ፎቶ ቤት የቃላት ዝርዝር አውጥቶ ግድግዳ ላይ ካልለጠፈ በዓመቱ ፍለጋ የሚባል ነገር አይኖርም። የትኛው ሆሄ ትክክል እንደሆነ መከራከር ለሊቃውንቱ ይተው፤ እዚህ የሚፈለገው አንድ መሆኑ ብቻ ነው። ላይትሩም ለአንድ ቁልፍ ቃል ተመሳሳይ ቃላት የሚጻፉበት ሳጥን ስላለው ሌሎቹን ሆሄያት እዚያ መክተት ይቻላል። ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ለተደባለቀ ስብስብ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፤ በሚያሻማው ፊደል ሳይሆን በቀረው መፈለግ። «ይቅ» ብሎ መፈለግ አራቱንም ያመጣል፤ «ይቅርታ»ንም ያመጣ ይሆናል፣ ግን እሱን መለየት ቀላል ነው።

የቦታ ስም ሲጽፉ «ኮምቦልቻ» ብቻ አይበቃም፤ ሐረር አጠገብም ኮምቦልቻ አለ። ዲጂካም ቁልፍ ቃላትን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ስለሚያስቀምጥ ደቡብ ወሎ፣ ከሥሩ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከደሴ ሥር ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ጦሳ እያሉ ማውረድ ነው።

ሰዓቱና ቀኑ

አንዲት ቅጽበት ሦስት ሰዓት አላት። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል የምንለው በካሜራው አቆጣጠር 09:30 ነው፤ የሳተላይቱ መገኛ የሚመዘግበው ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:30 ነው። ሦስቱ በሦስት በሦስት ሰዓት ይራራቃሉ። ካሜራውን በእኛ ሰዓት 03:30 ብሎ የሞላ ሰው ፎቶዎቹን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የተነሱ ያደርጋቸዋል። እርማቱ 6 ሰዓት መጨመር ነው። ግን አይቸኩሉ፤ ካሜራው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ «8 ፒኤም» ተብሎ ከተሞላ የመዘገበው 20:00 ነው፣ እውነቱ 14:00፤ ስለዚህ የሚደረገው 6 መቀነስ ነው። የዚህኛው ምልክት የማታው ራት ግብዣ በማግስቱ ቀን ስር መገኘቱ ነው። ፎቶው ከስልክ ከሆነ የሳተላይቱን ሰዓት ከኤግዚፉ አንብበው 3 ይደምሩበት፤ እሱ ምስክር ነው። ሀገራችን ሰዓት በየወቅቱ ስለማታሳልፍ 3 ሁልጊዜ 3 ነው።

ዓመተ ምሕረቱ የባሰ ነው። ካሜራ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ቀን ብቻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ ካሜራ ከፍቶ ዓመት 2017፣ ወር 1፣ ቀን 1 ብሎ የሞላ ሰው፣ እውነተኛው ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ስለነበር 2,810 ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ብዙ ሰው ለማረም ሲነሳ «7 ዓመት ከ8 ወር» እያለ ያሰላል፣ ውጤቱም ከወር ወር ይዛነፋል። የካሜራው ጃንዋሪ 31 ቀን ሲኖረው የእኛ መስከረም 30 ብቻ ስላለው ጥቅምት 1 ቀን ካሜራው ገና «ጃንዋሪ 31» ይላል። ወር ከወር አይገጥምም፤ ቀን በቀን ግን ልዩነቱ ንቅንቅ አይልም። ካሜራው እንደገና እስካልተሞላ ድረስ ሁሉም ፎቶ ላይ 2,810 ቀን መጨመር ነው።

ሒሳቡን ፕሮግራሙ ሊሠራልዎት ይችላል። በላይትሩም ፎቶዎቹን በሙሉ መርጠው «ሜታዳታ»፣ «ኤዲት ካፕቸር ታይም» ይበሉ። ትክክለኛ ሰዓቱን በእርግጠኝነት የሚያውቁትን አንዱን ፎቶ ዋና አድርገው ቀኑን ሲያስተካክሉ ሌሎቹ በዚያው ልዩነት ይከተሉታል። በዲጂካም ቀንና ሰዓት ማስተካከያው «አይተም» ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እዚያ የሰዓት ፎቶ አስገብተው ልዩነቱን እንዲያሰላ ማድረግም ይቻላል። የሰዓት ፎቶ ማለት የስልክዎን ሰዓት ሴኮንዱ እየታየ በካሜራው ማንሳት ነው።

ይህች የሰዓት ፎቶ ሁለት ካሜራ ላለው ሰርግ ፍቱን ናት። ሙሽራዋ ደሴ፣ ግብዣው ኮምቦልቻ ሲሆን አንዱ ካሜራ ከሌላው 7 ደቂቃ ቢቀድም፣ ሁለቱ ተቀላቅለው በሰዓት ሲደረደሩ ሙሽሮቹ ከመኪና ሳይወርዱ አዳራሽ ውስጥ ይታያሉ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁለቱም ካሜራ ያንኑ ስልክ ያንሱ። ማታ የአንዱን ፎቶዎች ለብቻ መርጦ በልዩነቱ ማሳለፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶዎቹን መጀመሪያ ቀላቅሎ ስማቸውን ከቀየሩ በኋላ ግን በካሜራው ሞዴል፣ ሞዴላቸው አንድ ከሆነም በመለያ ቁጥሩ አጣርቶ መለየት ይጠይቃል፤ ይቻላል፣ ግን ለምን?

የኢትዮጵያን ቀን የሚይዝ ሳጥን ሜታዳታ ውስጥ የለም። «መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.» የሚለውን መግለጫው ውስጥ በጽሑፍ ማስገባት ነው፤ የቀኑን ሳጥን ለካሜራው አቆጣጠር ይተዉለት።

ቦታው

መገኛ በዲግሪና በደቂቃ ተጽፎ ሲያገኙት በቀጥታ ወደ ነጥብ አይገልብጡት። ደሴ 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን ላይ ናት ሲባል 11.8 ወይም 11.08 ማለት አይደለም፤ ደቂቃው ለ60 ይካፈላል፣ 11.13 ነው። 11.08 የጻፈ ሰው በሰሜን መስመሩ ኮምቦልቻ ደረጃ ላይ ይወርዳል። ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ደግሞ ትርጉም አላቸው፤ ሁለት አሃዝ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት 110 ሜትር፣ አራት 11 ሜትር ያህል ነው። ለሰፈር አራት ይበቃል።

ካሜራዎ መገኛ የማይመዘግብ ከሆነ ስልክዎ ላይ የጉዞ መስመር መቅጃ ከፍተው ኪስዎ ይክተቱ። የሚወጣውን የጂፒኤክስ ፋይል ዲጂካም ውስጥ በመገኛ ማረሚያው ሲያስገቡ የፎቶዎቹን ሰዓት ከመስመሩ ሰዓት ጋር እያዛመደ ቦታ ይሰጣቸዋል። የሰዓት ቀጠናው ላይ 3 ሰዓት መጨመሩን ማየት አለብዎት። የካሜራው ሰዓት መጀመሪያ መታረሙ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና በደቂቃ 500 ሜትር ይሄዳል፤ 7 ደቂቃ ስህተት ፎቶውን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይወስደዋል።

ከፍታው ጥሩ መፈተኛ ነው። ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የስልክ ከፍታ በአሥሮች ሜትር ቢሳሳትም 600 ሜትር አይስትም። «ደሴ» የተባለ ፎቶ ኤግዚፉ 1,860 የሚል ከሆነ አንዱ ዋሽቷል፤ ብዙ ጊዜ መግለጫውን የጻፈው ሰው ነው።

ከመላክ በፊት

ስምና የቅጂ መብት በየፎቶው መጻፍ አያስፈልግም። አብነት አንዴ አዘጋጅተው (በላይትሩም የሜታዳታ ፕሪሴት፣ በዲጂካም ቴምፕሌት ይባላል) ፎቶ ሲገለበጥ በራሱ እንዲለጠፍ ማድረግ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል፤ መብቱ ሳጥኑ ባዶ በመሆኑ አይቀርም፣ የተሞላ ሳጥን ግን ባለቤቱን ለሚፈልግ ሰው አድራሻ ነው።

የደንበኛ ፎቶ ለሌላ ሰው ሲሰጥ በተቃራኒው ነው። በቤቱ በር ላይ የተነሳ የልጅ ፎቶ የቤቱን መገኛ በ11 ሜትር ልክ ይዞ ይሄዳል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ሜታዳታውን ያራግፋሉ፤ እንደ ፋይል ወይም ዶክመንት ሲላክ ግን እንዳለ ያልፋል። ፎቶ ቤቶች ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው የሚመርጡት ደግሞ ፋይሉን ነው። በላይትሩም ፎቶ ሲያወጡ «ሜታዳታ» በሚለው ስር የመገኛውን መረጃ እንዲያስቀር ማዘዝ ይቻላል። በዊንዶውስ «ዲቴይልስ» ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው የግል መረጃ ማስወገጃ፣ ዋናውን ሳይነካ የጸዳ ቅጂ ይሠራል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ኤግዚፍ ውስጥ የፎቶው ትንሽ ምስል፣ ብዙ ጊዜ 160 በ120 ነጥብ የሆነች፣ አብራ ትቀመጣለች። አንዳንድ ማሳመሪያ ፕሮግራሞች ትልቁን ፎቶ ሲቆርጡ ትንሿን ማደስ ይረሳሉ፤ ከጎን ቆሞ የነበረው ሰው ከትልቁ ቢወጣም ትንሿ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ሰው የተቆረጠበትን ፎቶ ከመላክዎ በፊት ቅጂውን በዲጂካም ከፍተው የኤግዚፍ ገጹ ላይ ትንሿ ምስል ካለች ሜታዳታውን በሙሉ አራግፈው እንደገና ያውጡት።